የሱዡ ድልድዮችና የደጃፋችን ቦይ

ፉሪ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የሠፈራችን የልማትና ደንብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አንዲት ሴት ስለማሻገር

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም ኩላሊትዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ከቤቱ በር እስከ አስፋልት ያለችውን መንገድ በምን ዓይን እንደሚያያት ዘንድሮ በደንብ ስለተማርኩ ነው። ደምሰው እባላለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስመዘግብና ፋይል ስከፍት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የጻፍኩልዎ አሥራ አንድ ማመልከቻ ሁሉ መልስ ሳያገኝ መቅረቱን ከክፋት አልቆጥረውም። ዛሬ በግልጽ የምጽፈውም በፖስታ አሽጌ የላክሁት ሁሉ ሳይከፈት ስለቀረ፣ ይኼኛው ተከፍቶ ቢመጣ ምናልባት ይነበብ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ አጭር ነው። ኅዳር ላይ ተቋራጭዎ ለፍሳሽ ማስወገጃ ብሎ በደጃፋችን ቦይ ቆፈረ። ወርዱ አንድ ሜትር ከሰባ፣ ጥልቀቱ ከእኔ ቁመት በላይ ነው። በሳምንቱ ይከደናል ተባለ፤ ይኸው ስምንት ወሩ። ከቤታችን ኋላ ገደልና ወንዝ ስለሆነ ሌላ መውጫ የለንም። ባለቤቴ ተሾመች ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል መድረስ አለባት። ይህችን ሴት ማሻገር ነው ጉዳዬ፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ቀጥሎ የማወራው ጨዋ ሰው ለባለሥልጣን የማያወራውን ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ልጃችን ሚካል፣ እናቷ አልጋ ላይ ስትውል እንዳይከፋት ብላ የጌም መጫወቻ አምጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችልን። ጌሙ የሚካሄደው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በነበረችው ሱዡ በምትባል የቻይና ከተማ ውስጥ ነው፤ ተጫዋቹ የተሰረቀ የመንግሥት ማኅተም የሚያሳድድ መልእክተኛ ነው። ማኅተም ጠፋ ሲባል እኔ መች ያስችለኛል! በስድሳ አራት ዓመቴ መቆጣጠሪያውን ጨብጬ ቁጭ አልኩ። ክቡርነትዎ፣ ያቺ ከተማ ውኃ ላይ የተሠራች ናት፤ መንገዷ ሁሉ ቦይ ነው፤ ግን ቦይ ባለበት ሁሉ ድልድይ አለ። የድንጋዩ፣ የእንጨቱ፣ ጎባጣው፣ አንዲት አሮጊት ጎመን ተሸክማ ብቻዋን የምትሻገርበት ጠባቡ ሳይቀር። ተሾመች ድልድዮቹን መቁጠር ጀመረች፤ ዘጠና ሦስት ላይ ስትደርስ ደክሟት ተኛች። ማኅተሙን መፈለግ ከተውኩ ቆየሁ። እሷ ተሻገር ስትለኝ እሻገራለሁ፣ ተመለስ ስትለኝ እመለሳለሁ፤ ቀኑን የምንገፋው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ አጣናው አመሰግናለሁ። ጥር ላይ ከጎረቤቴ ከአቶ ዋቅጅራ ጋር ሆነን በባሕር ዛፍ አጣና ድልድይ ብጤ ብንሠራ፣ ደንብ አስከባሪዎችዎ ያለፈቃድ የተካሄደ ግንባታ ነው ብለው በማግስቱ አፍርሰው ጭነው ወሰዱት። ደግመን ሠራን፤ ደግመው ወሰዱት። ለቦዩ ክዳን ማምጫ ስምንት ወር ሙሉ የታጣው መኪና ለአጣናው በአንድ ቀን መገኘቱ ቅልጥፍናዎን ይመሰክራል። አቶ ዋቅጅራ አያት ቅድመ አያታቸው እዚሁ ጤፍ ያረሱ የአገሩ ሰው ናቸው፤ አጣናው ሲጫን ቆመው አዩና ገብተው የጓዳቸውን የብረት በር ነቅለው አመጡልኝ። በር ግንባታ አይደለም፣ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ በሩን ቦዩ ላይ እንዘረጋለን፣ ልጃቸው ቦና ተሾመችን አዝሎ ያሻግራታል፣ ስትመለስ በሩን አንሥተን እናስገባለን። በወጣትነቷ እንኳ ሰው ፊት ቀና ብላ የማትበላ ሴት፣ በጎረቤት ልጅ ጀርባ ላይ ሆና ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ይህንን ለማየት ያበቃኝ እርስዎ ነዎት።

፪. ስለ አሠራርዎ ጥራት አመሰግናለሁ። የቤቱ ካርታ በተሾመች ስም ስለሆነ አቤቱታውን የምታቀርበው ባለመብቷ ናት፣ በአካል ትቅረብ ተባልኩ። መቅረብ ያቃታት በቦዩ ምክንያት ነው ብል፣ እንግዲያው ይህንኑ በአካል ቀርባ ታስረዳ ተባልኩ። ውክልና ላምጣ ብል፣ ውክልናውን የምትሰጠው እሷው ራሷ በአካል ቀርባ ነው። ባለጉዳይ የሚያስተናግዱት ሰኞና ሐሙስ፣ እሷ የምትወጣው ማክሰኞና ዓርብ። አንድ ሰኞ እንደምንም አዝለን ብናመጣት ስብሰባ ላይ ናቸው ተብላ፣ በርዎ ላይ ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ተመለሰች። ስሟ ስላልተመዘገበ አልቀረበችም ተባለ። በሙያዬ እኮራ ነበር፤ ግን እንዲህ የተዋጣለት ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

፫. ሱዡ ውስጥ በዳኛው ደጅ ትልቅ ከበሮ ቆሟል። የተበደለ ሰው መጥቶ ይመታዋል፣ ዳኛውም ምሳ ላይ ቢሆን እንኳ ቆቡን እያስተካከለ ብቅ ይላል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ተብዬ ላደግሁ ለእኔ ይህ ለማመን የሚከብድ ነገር ነበር፤ በእኛ አገር ነጋሪት የሚጎሰመው ከላይ ነው፣ ለታችኛው አቤት ማለት ብቻ ነው የተረፈው። ሞኝነቴ! ባለፈው ረቡዕ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ በዱላ ደበደብኩት። ለካ በሠፈራችን ባዶ ጀሪካን ሲጮኽ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ የውኃ ቦቴ መጣ! ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከአርባ የሚበልጥ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ተሰለፈ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ገዲሴ እንኳ ሰባት ጀሪካን በጋሪ አስጭነው መጡና ተራ እንዳስይዝላቸው አዘዙኝ። ውኃ የለም፣ የባለቤቴ ጉዳይ ነው ብል የሚሰማኝ አጣሁ፤ ውኃውን ለዘመዶቹ ሊያስቀር ነው ብለው ተቆጡኝ። እርስዎም መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ዘጉት።

፬. በማግስቱ፣ ያለፈቃድ ሕዝብ ሰብስበሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከልቤ አመሰግናለሁ፤ በስምንት ወር ያገኘሁት የመጀመሪያ የጽሑፍ መልስ ነው። ያመጣው ተላላኪ ቦዩን ሲዘል አንድ እግር ጫማው ገብቶበት ቀረ፤ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሄደ። ነጠላ ጫማዬን ይመልስ አልልም። ነገር ግን ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው ቦዩን በዓይኑ አይቶታልና እባክዎ እሱን ይጠይቁት።

ለአምስተኛው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ትናንት ዓርብ በሩን ዘርግተን፣ ቦና ተሾመችን ሊያዝል ጎንበስ እንዳለ፣ ከላይ የመጣው ጎርፍ በሩን ጠራርጎ ወሰደው። አንድ እርምጃ ቀድመው ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ይዟቸው ይሄድ ነበር። አቶ ዋቅጅራ በዝናብ በራቸውን ተከትለው ሮጡ፤ አላገኙትም። ጎርፉ ዳሩን ስለሸረሸረው ከእንግዲህ የማንም ቤት በር ከዳር ዳር አይደርስም። ተሾመች እጥበቷ አመለጣት። እግሯ አብጧል፤ ስትተነፍስ ከሌላኛው ክፍል ይሰማኛል፤ የምትጠጣውን ውኃ በማንኪያ ለክቼ ነው የምሰጣት። ሐኪሟ በስልክ፣ ማክሰኞም ካለፈ ተስፋ አልሰጣችሁም ብሎናል። ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አልቆብኛል። ፈርቻለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት መኪና እየታየን፣ አስፋልቱ እየታየን፣ ከደጃፋችን ሳትወጣ ልትሞትብኝ ነው። በእናትዎ ይዤዎታለሁ፣ አንድ የኮንክሪት ክዳን ብቻ! ክዳኖቹ በግቢዎ ውስጥ ተደርድረዋል፣ ጥበቃዎቹ ምሳቸውን የሚበሉት እነሱ ላይ ተቀምጠው ነው። አንዱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ በስንዝሬ ለክቼዋለሁ፣ ይደርሳል።

ዛሬ ጠዋት ተሾመች ወደ ዳኛው ደጅ ውሰደኝ አለችኝ። ዘጠና ሦስቱንም ባይሆን ብዙውን ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩና ከበሮውን መታሁላት። ዳኛው ወጣ። ጌም ነውና የሚጠይቀው ስለ ማኅተሙ ብቻ ነው፣ የሰው ጉዳይ አይሰማም። ተሾመች ግን ከትራሷ ቀና ብላ፣ እያረፈች እያረፈች፣ ጉዳይዋን ከነቤት ቁጥሯ ለቴሌቪዥኑ ነገረችው። ሰውየው እስክትጨርስ ድረስ እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቃት። ይኼ እንኳ ቆሞ ሰማኝ፣ ብላ ተኛች።

ለክብርዎ ከዚህ በላይ ዝቅ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ከዚህ ዝቅ ካልኩ ቦዩ ውስጥ ስለምገባ፣ ከአፋፉ ላይ ሆኜ እጅ የምነሣዎ፣

ደምሰው፣ የባለመብቷ ባል

ግልባጭ፦
ለአቶ ዋቅጅራ፣ በራቸውን ስላስበላሁ
ለሱዡ ከተማ ዳኛ፣ እንዲያውቁት

ማስታወሻ፦ እስከ ማክሰኞ ክዳኑ ካልመጣ፣ ባለመብቷ በአካል ትቅረብ ያሉትን ትእዛዝ እንደምንፈጽም ከወዲሁ አሳውቃለሁ። የሠፈራችን ዕድር ለቀብር የማይሻገረው ቦይ የለም፤ ሃምሳ ሰው እስከ አንገቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶም ቢሆን ያሳልፋታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ነውና፣ እዚያ ስንደርስ ሣጥኑን ለአፍታ እናወርዳለን። ቀኑ ሰኞ ወይም ሐሙስ ባይሆን እንኳ፣ እንዳለፈው ጊዜ ስሟ ሳይመዘገብ እንዳትመለስ መዝገብ ይዞ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመድቡልን።