አልመርጥም ያሉት መምህር፦ ሞረዳ ኤባ (1953–2018 ዓ.ም.)

መምህር ሞረዳ ኤባ ከአባታቸው ከአቶ ኤባ ነገዎና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲንሴ ጉተማ ሐምሌ 19 ቀን 1953 ዓ.ም. በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ከነቀምቴ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች በኩፍኝ ስለሞቱ፣ እናታቸው ለትምህርት እስኪደርሱ ድረስ ከዓይናቸው አያርቋቸውም ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በነቀምቴ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. ከፍተኛ ነጥብ በማምጣት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በፍልስፍናም ተመረቁ። በ1977 ዓ.ም. ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላኩ። ሦስት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ በአንድ ማሠልጠኛ የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ መምህር ሆኑ። በ1981 ዓ.ም. ያስተማሯቸው አርባ ሁለት ወጣቶች በቀጥታ ወደ ግንባር ተላኩ። ከእነርሱ ስንቱ እንደተመለሰ መምህር ሞረዳ ጠይቀው የተነገራቸው ቁጥር አምስት ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ፣ «የሰው አገር መልስ በእርግጠኝነት አስተማርኳቸው፤ እነርሱም በእርግጠኝነት ሄዱ» ከማለት ሌላ አይጨምሩም ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሥራቸውን አጥተው ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ፤ ሦስት ዓመት በቆሎና ጤፍ አረሱ። አንድ ቀን አባታቸው ሞፈሩን አቁመው፣ «ሞረዳ፣ እነዚያ ያስተማሩህ ሰዎች ገዢ ጊዜው ሲያልቅ የት ነው የሚያስቀምጡት?» ብለው ጠየቋቸው። ከዚያም መልስ ሳይጠብቁ ከአያታቸው የሰሙትን፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ስለሚተላለፍበት ስለ ገዳ ሥርዓት እየነገሯቸው ቀኑን ዋሉ። የመምህር ሞረዳ የሕይወት ሥራ የተጀመረው በዚያ ማሳ ላይ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ከወሎ መጥተው በወለጋ ከሰፈሩት ከአቶ ታረቀኝ ልጅ፣ ከጤና ረዳት ዘርፈሽ ታረቀኝ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሊሊሴን፣ ቀነአንና ኤልዳናን አፍርተዋል።

ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በእነዚህ ዓመታት የአውሮፓን፣ የሕንድን፣ የቻይናን፣ የእስልምናውን ዓለምና የራሳችንን የአገዛዝ ፍልስፍና ጎን ለጎን የሚያስተምር ትምህርት ቀርጸው ሁለት ጊዜ አቀረቡ። የመረመሩት ሰዎች ሁለቱንም ጊዜ «ከአውሮፓ ውጭ ያለው ፍልስፍና ሳይሆን ባህል ነው» ብለው መለሱት። መምህር ሞረዳ አልተከራከሩም፤ በነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሠፈር በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ሐሙስ ከሰዓት ለመጣ ሁሉ ማስተማር ጀመሩ። «ኢጆሌ ኮ፣» ይሉ ነበር፣ ልጆቼ ማለታቸው ነው፣ «የምዕራቡ ሰው ‘ለምን እንታዘዛለን?’ ብሎ ይጀምራል። የቻይናው ‘ገዢው መጀመሪያ ራሱን ገዝቷል ወይ?’ ይላል። የእኛ ሽማግሌ ‘መቼ ነው የሚወርደው?’ ይላል። አንዱን ብቻ የጠየቀ ሕዝብ በሌላው በኩል ይወጋል።»

እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት ከአሥር አይበልጡም ነበር። ከዚያ በኋላ በረንዳው አልበቃ አለ፤ ወጣቶች ግቢው ውስጥ ቆመው ይሰሙ ጀመር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ መልሶ ቀነሰ። አንዳንዶቹ ጫካ ገቡ፤ አንዳንዶቹ የመንግሥትን ጠመንጃ ተሸከሙ። ሁለቱም «ያስተማሩን ባርሲሳ ሞረዳ ናቸው»፣ መምህር ሞረዳ ማለታቸው ነው፣ ይሉ እንደነበር ሲነገራቸው መምህር ሞረዳ ምግብ መብላት አቃታቸው። በ2014 ዓ.ም. የወ/ሮ ዘርፈሽ ወንድሞች የተወለዱበትን ቀዬ ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ከማይታወቅ ቁጥር ስልክ መደወል ጀመረ፤ ሲነሳ የሚናገር የለም።

በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ይመጣ ከነበረ ሚኒባስ ላይ ሰባት መንገደኞች በታጣቂዎች ተወሰዱ። ከእነርሱ መካከል የመምህር ሞረዳ ተማሪ ሮብሳንና የጎረቤታቸው የወ/ሮ ኬኔ (አዴ ኬኔ ይሏቸዋል) አንድያ ልጅ ኦብሳ ነበሩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ መልእክት መጣ፤ ሽማግሌ ይላክ የሚል። ሁለት ሽማግሌዎች ተዘጋጅተው የነበረ ቢሆንም ጠዋት ላይ አንደኛው ታመምኩ አሉ፤ ሌላው ስልካቸውን አላነሱም። መምህር ሞረዳ በባጃጅ እስከ መንገዱ ማብቂያ፣ ከዚያ በእግራቸው ብቻቸውን ሄዱ።

በዚያ የሆነውን የነገረችን፣ ዛሬ ከዚህ ከተማ ርቃ የምትኖረው ሮብሳን ናት። ፊቱን የሸፈነ አንድ ወጣት ተቀብሏቸው፣ «ባርሲሳ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከኋላ እቀመጥ ነበር። ‘ገዢ በጊዜው ካልወረደ ማን ያወርደዋል?’ ብለው የጠየቁን እርስዎ አይደሉም?» አላቸው።

«ጠይቄአለሁ። መልሱ ሰባት መንገደኛ ነው ግን አላልኩም።»

ወጣቱ፣ «ለእርስዎ ክብር ስል አራቱን ይውሰዱ። የሚወስዷቸውን ይምረጡ» አለ።

መምህር ሞረዳ ሰባቱን አንድ በአንድ አዩ። ኦብሳ ከሮብሳን አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ጋሼ ብሎ ሊጠራቸው አፉን ከፍቶ ተወው።

«አልመርጥም፣» አሉ። «እኔ ከመረጥኩ የቀሩትን ሦስቱን በእጄ ሰጠሁህ ማለት ነው። ሁሉንም ስጠኝ፤ አለዚያም እኔን ጨምረህ ያዝ።»

ወጣቱ ሁለቱንም አላደረገም። ራሱ በጣቱ እየጠቆመ አራት ሰዎች አስነሳ። ሮብሳን ተነሳች። ኦብሳ ቀረ። ስለ ቀሩት ሦስቱ እስከ ዛሬ የተሰማ ነገር የለም።

መምህር ሞረዳ ከተማ ሲገቡ በቀጥታ ወደ አዴ ኬኔ ቤት ሄደው የሆነውን ሳይቀንሱ ነገሯቸው። አዴ ኬኔ፣ «መርጠው ቢሆን ኖሮ ልጄን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር» አሉ። መምህር ሞረዳ «አዎ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እዚያ ቤት ገብተው ይቀመጡ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሳይነጋገሩ ነው የሚለያዩት። አንድ ቀን ወ/ሮ ዘርፈሽ፣ «ከእነዚያ ሁሉ መጻሕፍት አንዱ እንኳ መልስ የለውም?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «የምዕራቦቹ አራቱን ቁጠር ይሉኛል። አባቴ ቢኖሩ ሦስቱን አትሽጥ ይሉኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ኦብሳ ግን የለም» አሉ። ለሐሙሱ ትምህርት በጻፏቸው ሃያ ስድስት ደብተሮች ውስጥ ስለዚያ ቀን አንድ መስመር አልጻፉም።

ከጫካ በተመለሱ በአምስተኛው ቀን የጸጥታ ሰዎች ከቤታቸው ወሰዷቸው። አርባ አንድ ቀን ታሰሩ። የተጠየቁት የዚያን ወጣት ስም ነበር። ስሙን ማወቅ አለማወቃቸውን ቤተሰቡ አያውቅም። ሲወጡ ክብደታቸው ቀንሶ፣ እግራቸው አብጦ ነበር። ያም ሆኖ በተከታዩ ሐሙስ በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አወጡ። ሦስት ሰው መጣ። አንዱን ማንም አያውቀውም ነበር፤ ሲወጣም ስሙን አልተናገረም። መምህር ሞረዳ ግን እንደ ሌሎቹ እጁን ጨብጠው ሸኙት።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ መሆኑ ታወቀ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለመታከም የያዙት ቀጠሮ መንገዱ ለአሥራ አንድ ቀን በመዘጋቱ አለፋቸው። ሕመሙ ሲጸና አልጋቸው አጠገብ ተራ ገብተው ካስታመሟቸው አንዷ አዴ ኬኔ ናቸው። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ መምጣታቸውን ግን አንድም ቀን አላስታጎሉም። መምህር ሞረዳ ኤባ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ ሁለት ሰዎች መጥተው ደብተሮቹን ጠይቀዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ወገን ስም ስለ እነርሱው ደውሏል። ወ/ሮ ዘርፈሽ ይህ በሁላችሁ ፊት እንዲነበብ አዘዋል፦ ደብተሮቹ ቤት ውስጥ የሉም፤ የት እንዳሉም እርሳቸው አያውቁም። የሚፈልጋቸው ሰው በዚህ መካከል ካለ፣ የለቅሶ ቤቱን ለለቃሽ ይተው።

መምህር ሞረዳ ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ዘርፈሽ ታረቀኝ፣ ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከአራት የልጅ ልጆቻቸውና ከአንዲት ታላቅ እኅታቸው ተለይተዋል። ልጃቸው ቀነአ በዚህ ቀብር ላይ ያልተገኘው እንዳይመጣ በቤተሰቡ ስለተመከረ ነው፤ አባቱን ከሩቅ እያለቀሰ ነው።

የቀብሩ ሥርዓት በስድስት ሰዓት እንዲፈጸም የተደረገው ከገጠር የመጣችሁ ወገኖቻችን ሳይመሽ መንገዱን እንድታልፉ ነው። እባካችሁ ተነጣጥላችሁ አትሂዱ። ከደረሳችሁ በኋላም አንድ ሰው ደውሎ ይንገረን። የእርሳቸውን ነፍስ አዳኛችን በዕረፍቱ ቦታ ይቀበል፤ እናንተንም ከየደጃችሁ በሰላም ያድርሳችሁ።