አጽም በሁለት ጆንያ እንዲለይ ላዘዙን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የመሬት ዝግጅት ኃላፊ፣ ለአቶ ባህሩ፤

እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ፣ ጀሊሉ ይመስገን፣ ደህና ነን፤ ዕረፍት ያጡት ሙታኑ ብቻ ናቸው። አለኸኝ ሞላ እባላለሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተረዳድተን ሬሳ የምንቀብርበት የቅሬያችን ቆፋሪ ስሆን፣ በድሮው መቃብር አካፋ ከያዝኩ አርባ አምስት ዓመቴ ነው።

መቃብሩ ለገበያ አዳራሽ ስለተፈለገ፣ ወገን ያለው አጽሙን በአሥራ አምስት ቀን እንዲያነሳ፣ የክርስቲያኑን በነጭ የእስላሙን በአረንጓዴ ጆንያ እንዲለይ ያዘዙበትን ማስታወቂያ ቆመን አነበብነው። ስለ ድካምዎ እግዜር ይስጥልን እያልኩ አቤቱታዬን አቀርባለሁ።

1ኛ. ቦታው «ታሪክ የሌለው ባዶ መሬት» መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እኛ መሃይሞቹ የምናውቀው፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከከላላ በኩል በእግሩ የመጣው ሕዝብ እዚህ ሲረግፍ፣ መቆፈር አልደርስ ቢለን፣ ቄሱም ሼሁም አጠገባችን ቆመው ሁሉንም በአንድ ረጅም ጉድጓድ እንዳስቀበሩን ነው።

2ኛ. የሦስት ዓመት ልጄ አልታዬ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ናት። ያን ዕለት የቀረን አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ነበር፤ ፋጢማ የምትባል ዘመድ አልባ መንገደኛም አብራት ሞታለች። ጨርቁን ለሁለት ብንቀደው ለማናቸውም የማይበቃ ሆነብን። ስለዚህ ልጄን ፋጢማ ደረት ላይ አስተኝቼ ሁለቱንም በአንድ ገነዝኳቸው፤ ይኸው አርባ ዓመት አቅፋልኛለች። አሁን የትኛዋ ጣት በነጩ፣ የትኛዋ በአረንጓዴው ጆንያ እንደምትገባ ባለሙያዎ መጥተው ያሳዩኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። አንጀቴ አሯል፤ ይህም ይመዝገብልኝ።

3ኛ. ጸሐፊዎ የልጄን መታወቂያ እንዳቀርብ አዘውኛል። በሦስት ዓመቷ መታወቂያ ሳታወጣ በመሞቷ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ረሃቡ አጣደፋት።

4ኛ. ማስታወቂያው ሊለጠፍ ሳምንት ሲቀረው፣ «አባቴ በአገሬ በኩታበር ልረፍ ብለው ተናዘዋል» ብለው የአባትዎን አጽም ያስወጡት በእኔ እጅ ነው። አንዲት አጥንት እንዳትቀር አፈሩን በወንፊት ነፋሁልዎ። ቅሬውም ሥራውን ፈትቶ እስከ መኪናው ድረስ አልቅሶ ሸኘልዎ። ወይ ጉድ! ከባዶ መሬት አባት አውጥቶ መሄድ እንዴት ያለ ችሎታ ነው? እኔ ጅሉ ያን ቀን ስለ ጨዋነትዎ መርቄዎታለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን እንዳሻዎ ያድርጉ፣ ያቺን ረጅም ጉድጓድ ግን አይንኩብን። ዶዘሩ ሰኞ ጠዋት እንደሚጀምር ሰምቻለሁ፤ እኔም እዚያው ጉድጓዱ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።

ወንበርዎ እንዲደላዎ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ካሉት ሁሉ ጋር እጅ የምነሳ፣

አለኸኝ ሞላ
የቅሬው ቆፋሪ፣ የአልታዬ አባት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ቅሬው ተሰብስቦ፣ ቄሱም ሼሁም በተገኙበት፣ ስምዎን ከመዝገብ ሰርዟል። ከእንግዲህ ቀንዎ ሲደርስ ቃሬዛ የሚሸከም አይመጣም፤ እኔም አካፋዬን አላነሳም። አይስጉ፣ ዶዘር አለዎት። አጥንትዎን የሚለቅምልዎ ሰው ግን ከወዲሁ ይፈልጉ፤ ጆንያውን በፈለጉት ቀለም እኛ እናቀርባለን።