መንካት የተከለከለው ጓንት

ለተከበሩ የምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤና፣ በተለይም የጣቶችዎ ጫፍ በደህና እንዲገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። እንደሚያስታውሱት እህቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ እጇ ይንቀሳቀሳል እንጂ የያዘውን አያውቅም ነበር። የነርቭ ተመራማሪዋ ዶክተር ግን ዕድሜዋን የፈጀችበትን ጓንት አጠለቀችላት፤ ጣት የነካውን ነገር ክንድ ላይ በንዝረት የሚናገር ጓንት። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ሐሩን ከጥጡ ለየች። ጉንጬንም ዳብሳ ይሄ ደግሞ ጆንያ ነው ስትል እየሳቅሁ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይፈካል።

እንግዲህ ምስጋናዬ፦

1. ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ይህ አላርፍ ባይ አፌ፣ እህቴ ፍጹም ድናለች፣ መርፌ ላይ ክር እንኳ ራሷ ታስገባለች ሲል፣ ክሩን ያስገባሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ስላመኑኝ። ለዶክተሯ ውለታ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። እሷማ፣ ገና ነው፣ ጓንቱ ሲወልቅ ስሜቱም አብሮ ይሄዳል ብላ ነበር፤ ትሕትና መስሎዎት ስለሳቁላት እጥፍ ምስጋና ይድረስዎ።

2. ውጤት ከተገኘ ምርምሩ አለቀ ብለው የዶክተሯን የምርምር ክፍል የስብሰባ አዳራሽ ስላደረጉት። ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ሕመምተኞች የአዲሶቹን ወንበሮች ልስላሴ በመስታወቱ በር አሻግረው እያዩ ይመለሳሉ።

3. ዶክተሯን ጎብኚ አስተናጋጅ ስላደረጓት። ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ እንደ ድሮው እትዬ ብላ ትስመኛለች እንጂ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ምነው በሰደበችኝና በቀለለኝ!

4. ጓንቱን ከእህቴ እጅ አስወልቀው መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን ስላስቀመጡት፣ መንካት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍም ስለለጠፉበት።

ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት ያልኩትን ሁሉ ሰርዣለሁ፤ እህቴ አልዳነችም። በእኔ አፍ የተዘጋው ክፍል፣ ይኸው በዚሁ አፌ እንዲከፈት እለምናለሁ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
አፏን ብትይዝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላስቸገረችዎ ነበር፣
የልብስ ሰፊዋ እህት

የቀረችኝ ነገር፦ ትናንት እህቴን ይዤ መጥቼ ነበር። ጥበቃው ሊከለክላት ብድግ አለና አንጀቱ አልችል ብሎት ተወ። ቀኝ መዳፏን የጓንቱ ሳጥን መስታወት ላይ አሳርፋ ብዙ ከቆየች በኋላ፣ ይቀዘቅዛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ስለ እሷ እጅ መናገር ትቻለሁና፣ ክቡርነትዎ ይመልሱላት።