ሰባቱ የኮዝሊክ ኳሶች

ቺካጎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ዴልመር፣

ከሰበሰብኳቸው ሁሉ የምኮራበትን የቤዝቦል ኳስ ጨረታው አልተቀበለውም። የፊርማ መርማሪው አጉሊ መነጽሩን ደቅኖ ቆየና፣ «አዝናለሁ አባቴ፣ ይህ የኮዝሊክ ፊርማ አይደለም» አለኝ። ኳስ ወርዋሪው ኮዝሊክ ራሱ ዓይኔ እያየ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የፈረመልኝን ነው እንግዲህ።

«ከምን ጋር አስተያይተኸው ነው?» አልኩት።

መስታወት ውስጥ የተደረደሩ ሰባት ኳሶች አሳየኝ። ሰባቱም ያንተ ናቸው። ኮዝሊክ መፈረም ሲሰለቸው አንተ የቡድኑን ካልሲ ማጠብህን ትተህ በስሙ የፈረምክባቸው ናቸው። የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ውሻ ጅራት የምትጠቀልላት አንተ ብቻ ነህ። እኛ ከተማ ቢሆን የፖስታ ቤቷ ቨርና ያለ መነጽር ትለየው ነበር።

«እነዚህን የፈረመው ልብስ አጣቢው ዴልመር ነው» አልኩና፣ የጉልበት ቅባት እንድገዛልህ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ፊርማህን ከኳሶቹ ጋር እያስተያየ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ኮዝሊክ ዴልመር በሚል ስም ደብዳቤ ይጽፍ እንደነበር አናውቅም ነበር» አለኝ። «ይሸጡልናል?»

ከእጁ ነጥቄው ወጣሁ። ኳሴንም ይዤዋለሁ፤ ፊርማው የኮዝሊክ ነው።

ቅባቱን ገዝቻለሁ። የፖስታ ካርዱ ቦታ እያለቀብኝ ነው። ለባለቤትህ ለአይሪን፣ ይህንንም ካንተ ቀድማ ለምታነበው ለቨርና ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ሰኞ እንደገባሁ ለመርማሪው ስልክ ደውለህ እውነቱን ትነግረዋለህ። እንዳትጽፍለት።

ሆባርት