መጥረጊያ ይዤ ስለዳንኩበት ፎቶግራፍ

ለተከበሩ አቶ ሀልቫርድ ብሬከን
የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ
በርገን

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና በተለይም ለወገብዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ነዋሪው ተሰብስቦ ግቢውን በሚያጸዳበት በፀደዩ ደቦ ዕለት ይህች ከተማ ዝናቧን መሰብሰቧ በእርስዎ ጸሎት ይሁን በእርስዎ ትእዛዝ እስካሁን ባላውቅም፣ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ስለዋሉልኝ ውለታ ምስጋናዬ በግል ብቻ እንዳይቀር ብዬ ይህን ደብዳቤ በሕንፃው መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖረው ቱሩን ነኝ። በአረጋውያን መጦሪያ አስታማሚ ስሆን፣ ካቻምና አንድ አዛውንት ሲወድቁ ልይዛቸው ብዬ ወገቤን ተጎዳሁ። ሐኪሜ ግማሽ ቀን እንድሠራ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ እንድራመድና ወገቤን ቀስ በቀስ እንዳጠናክር አዝዞልኛል። ባለቤቴ ቬጋርድ ባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ ሠራተኛ በመሆኑ ሳምንታት እየጠፋ ይመጣል፤ እሱ በሌለ ጊዜ የአራት ዓመት ልጃችንን ኦዳን ይዤ ሥራውንም ቤቱንም እንደምንም አዳርሳለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው የማያውቁት ሆኖ አይደለም፤ እያወቁ እንደማያውቅ ሰው የመሆን ችሎታዎ ስለሚያስደንቀኝ ነው።

እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ደቦ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስታወቂያዎ ሁልጊዜ ይገልጻል። እውነት ነው፣ ማንም ማንንም አያስገድድም። የቀረ ሰው የሚደርስበት ቢኖር እስከሚቀጥለው ደቦ ድረስ ደረጃው ላይ ሰላም የሚለው ማጣቱ ብቻ ነው። ባለፈው መከር በሕመም ምክንያት ቀርቼ ሳለ፣ በዚያው ሳምንት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ «ወገብ የሌለው ሰው አለ እንዴ፣ ቱሩን? ሁላችንንም እኮ ያመናል» አሉኝ። ቀጠሮ ሳያስይዙኝ ስለመረመሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

2. ዘንድሮ እንግዲህ መጣሁ። ሐኪሜ አትሂጂ ብሎኝ ነበር፤ ይሉኝታ ግን ከሐኪም ይበልጣል። ክረምቱን ሰው እንዳያንሸራትት በበረዶው ላይ የተበተነውን ጠጠር እንድጠርግ ረጅም መጥረጊያ ሰጡኝ። ጥቂት እንደጠረግሁ እግሬ ደነዘዘና ላለመውደቅ መጥረጊያው ላይ ተደገፍሁ። ያኔ ነው ስልክዎን ደግነው የመጡት። «እስቲ ቀና በዪ፣ ሳቅ በዪ፤ እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ለደቦው የተጋገረውን ዋፍል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ እየገመጠ ያየኝ ስለነበር ቀና አልሁ፣ ሳቅሁም። ጥርሴን ያስገለጠኝ ግን ሕመሙ ነው። ማታውኑ ፎቶግራፉ በሕንፃችን የፌስቡክ ገጽ ላይ «ቱሩናችን ድናለች! ደቦ መድኃኒት ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር ወጣ። ሐኪሞች ከካቻምና ጀምሮ ያቃታቸውን እርስዎ በአንድ ጠቅታ ስለፈጸሙት፣ ሕክምናው ዓለም ለምን እስካሁን እንዳልሸለመዎ አይገባኝም።

3. ፎቶግራፉን የመጦሪያው አለቃዬ ሲሪም አየችው። ሲሪ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሠራተኛ ያጠራት ሴት ናት። ሰኞ ጠርታኝ ስልኳን አሳየችኝና፣ «ለጎረቤት ከተቻለ ለእኛስ?» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ይገባኝ ነበር። አፈርሁ፣ አልነገርኋትም። ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ሙሉ ቀን እየሠራሁ ነው።

ፎቶግራፉን እንዲያወርዱልኝ ደጋግሜ ስለምንዎ፣ ሌላውን ያበረታታልና ይቆይ ብለው በትሕትና መልሰውልኛል። የሌላው መበረታታት ደስ ብሎኛል። የእኔ ነገር ግን እንዲህ ሆነ፦ ክረምቱን ሙሉ ለፍቼ ካልሲዬን ራሴ ማጥለቅ፣ ሦስት ፎቅ ሳልቆም መውጣት ችዬ ነበር፤ ዛሬ ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ ኦዳ ናት። ማታ ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ እጋደማለሁ፣ እሷም እራቷን ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ትበላለች። ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ ከብስክሌቷ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ፣ እኔ ገና ሳልደርስ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝና፣ «አታንሺኝ እማዬ፣ እኔ ራሴ እነሣለሁ» አለችኝ። ሰዎች ጎበዝ ልጅ አሏት። እኔ ግን ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ሐኪሜ በዚሁ ከቀጠልሁ የእግሬ ድንዛዜ አብሮኝ ሊቀር እንደሚችል ነግሮኛል። እፈራለሁ፣ አቶ ብሬከን። በዚህ ላይ ምንም ቀልድ የለኝም።

ስለዚህ ነገ ሲሪ ዘንድ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ፣ ወደ ግማሽ ቀኔም እመለሳለሁ። ከእርስዎ የምለምነው ፎቶግራፉን አውርደው በቦታው «ያን ቀን አሟት ነበር» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ብቻ ነው። ድካሙ ከበዛብዎ ደቦ ይጥሩበት።

ማጎንበስ ስለማልችል ቀጥ እንዳልሁ እጅ የምነሣዎ፣ ለማኅበራችን ክብርና ለመጥረጊያዎቹ ዕድሜ ዘወትር የምጸልይ፣

አክባሪዎ የሦስተኛ ፎቋ ቱሩን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ኦዳ ፎቶግራፉን ስልኬ ላይ አግኝታ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «ይቺኛዋ እማዬ ታቅፈኛለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ያቺ ሴት የምትገኘው እርስዎ ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ወደ በርዎ እልካታለሁ፤ እባክዎ ያገናኙልኝ።