ዓርብ የሚያርፈው ማደንዘዣ

ለተከበሩ ድሬሰር ውባየሁ
የስደተኞች ሰፈራችን ክሊኒክ ኃላፊ
ሱዳን፣ ሾዋክ አጠገብ፣ ሐሙስ ጥር 23 ቀን 1977 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ጤናዎ የዓርብ ዕረፍት ሳያምረው ሰባቱንም ቀን አብሮዎት እንዲውል ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ጋረደው፣ ረሀቡ ከጎንደር አሰድዶኝ ፋሽጋ ላይ ሰሊጥ የማጭድ ሰው ስሆን፣ ባለቤቴ ሣህሊቱ ባለፈው ዓርብ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ልጁም እንደ ሥርዓታችን በስምንተኛው ቀን፣ ማለትም ነገ ይገረዛል።

ክሊኒክዎ ሕፃናት ሲገረዙ ሕመሙን የሚያስታግስላቸው የትኛው ማደንዘዣ እንደሆነ ለማወዳደር፣ ለአንዱ ቅባት ለሌላው መርፌ እየሰጠ ለቅሷቸውን በሰዓት መለካቱን ሰምተን ኮርተናል። በዚህ ዘመን የሚያለቅስ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ለቅሶው የሚለካለት መገኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ከምስጋናዬ ጋር የሚከተለውን አቤት እላለሁ።

አንደኛ፣ ቅባቱ አንድ ሰዓት ሙሉ መቆየት አለበት ተብሏል። የጎረቤታችን የእናኑ ልጅ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ሽንቱን ሽቅብ ለቆ ስላጠበው፣ ከሠራተኛዎ ከንፈር በቀር የደነዘዘ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ከአቶ አየነው መንትዮች በቅባት የተገረዘው ሰፈሩን ሁሉ ሲያናውጥ፣ በመርፌ የተገረዘው የወንድሙ ጩኸት እስኪቀሰቅሰው ድረስ ተኝቶ ነበር። እኛ መሃይሞቹ በዚህ ውድድሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ጨርቅ ተነክሮበት ለማስታገሻ ስለሚጠባው የስኳር ውኃ ግን አስተያየት የለኝም። ስኳሩ በክሊኒክዎ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ከሻይ ጋር በጥንቃቄ ተመርምሮ አልቋል። በስብሰባው ላይ ማንም እንዳላለቀሰ ግን ተረድተናል።

ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ዋናው ይኸው ነው። በርዎ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ ግርዛት ወደ ቅዳሜ ይዛወር ይላል። ዓርብ የተወለደ ልጅ ስምንተኛ ቀኑ ዓርብ መሆኑን የማስታወቂያው ጸሐፊ በጣቱ ቢቆጥር ያገኘው ነበር። ቀኑን የወሰንኩት እኔ ብሆን ደስ እያለኝ አዛውረው ነበር፤ ነገሩ ግን በአብርሃም ዘመን ያለቀ ነው።

ክሊኒክዎ ካልተከፈተ ልጄን የሚገርዙት አያ ደሴ ናቸው። እጃቸው የተመሰከረለት ቢሆንም ማደንዘዣቸው «አይዞህ» ማለት ብቻ ነው፤ እሱንም ዘንድሮ ጆሯቸው ስለደከመ የሚሉት ልጁ ጮኾ ከጨረሰ በኋላ ነው።

የዚህን ልጅ እኅት መንገድ ላይ ቀብረን ነው የመጣነው። ስታለቅስ እየሰማሁ የምሰጣት አልነበረኝም። አሁን ግን የሚሰጠው ነገር እያለ በቁልፍ ተዘግቶበታል፤ ይህ አናዶኛል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ በሩ ተከፍቶ ልጄ መርፌውን እንዲያገኝ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

የማስታወቂያዎ ትጉህ አንባቢ፣ የኮሚቴዎ ሻይ ከሩቅ አድናቂና የማይታክት ደጅ ጠኚዎ፣
ጋረደው

ማሳሰቢያ፦ የእርስዎም ባለቤት በዚያው ዓርብ ወንድ ልጅ መገላገላቸውን አዋላጃችን ሙሉዬ ነግራናለች፤ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ነገ ልጅዎን ታቅፈው በክሊኒኩ የጓሮ በር ሲገቡ፣ እባክዎ መልሰው አይዝጉት፤ እኔና ሣህሊቱ ከኋላዎ ቆመናል።