አርባ አንድ በር ያወለቁት አናጢ

አባታችን ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን በወሰደበት ዓመት፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከአናጢ አባታቸውና ልብስ እየሰፉ ቤቱን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ዓይናቸውን ስለታመሙ ደብተራቸውን አስቀምጠው መላጊያ አነሡ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ የገጠሙት በር በጠርዙ ወረቀት እንኳ የማያሾልክ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ባለሙያ ሆኑ።

በሃያ ዓመታቸው፣ ሀብታምና ድሃ የማይባልበት አገር እንሠራለን ወደሚለው የሽምቅ ጦር ገቡ። ጓዶቻቸው «መሮ» የሚል የትግል ስም አወጡላቸው። ጠመንጃም ይዘዋል፤ ታሪክ የሠሩት ግን በካቻቢቴ ነው።

ጦሩ ከገደሉ ሥር ባለው መንደር ሰፍሮ ሳለ ቁስለኛ በዛ፣ ቃሬዛ ግን አልነበረም። ሁሉም እትዬ የሚሏቸው የመንደሩ ሸክላ ሠሪ የአባታችንን መጨነቅ አይተው፣ «ታዲያ ይሄ በር ለጌጥ ነው የተሰቀለው? አውልቅና ተሸከምበት» አሏቸው። አወለቁት። ጎረቤት አየ፣ ተከተለ፤ በሦስት ቀን ውስጥ አርባ አንድ ቤት ያለ በር ቀረ። ማንም አላስገደደም። አባታችን ይህን ወጣት ሳሉ በኩራት ይናገሩት ነበር፤ በስተርጅና ያሳፈራቸውም ይኸው ነው። በየበሩ ጀርባ የባለቤቱን ምልክት ፈልፍለው፣ «ስናሸንፍ ራሴ መጥቼ በር እገጥምላችኋለሁ» ብለው ቃል ገቡ። እትዬም፣ «የኔው ሲጢጥ ይላል፤ ስትገጥምልኝ ዘይት እንዳትረሳ» አሉ።

በዚያው ወር አባታችን ጭናቸውን ተመትተው፣ በእትዬ በር ላይ ተኝተው ገደሉን ወጡ። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ የእትዬ ባል ነበሩ። «ይሄ ሰውዬ ከነጓዙ ነው እንዴ የተመታው?» እያሉ ዳገቱን ሙሉ አሳቋቸው። ጦሩ ከመንደሩ እንደ ወጣ የመንግሥት ወታደሮች ገቡ። ተዋጊዎቹን ማን እንደ ረዳ ለመጠየቅ እንኳ አልደከሙም፤ በር የሌለውን ቤት እየለዩ አቃጠሉ። የእትዬን ባል ወሰዷቸው፤ በዚያው ቀሩ። መንደሩ ቤቱን እንደገና ቀለሰ፣ በበር ፈንታ ጆንያ ሰቀለ፣ ለተዋጊው ስንቅ መላኩንም አላቋረጠም። በሮቹ በየጦር ሜዳው ተሰባብረው አለቁ።

ድል በተገኘበት ዓመት አባታችን ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የግንባታ ዕቃዎች ድርጅት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ ቁስላቸውን ያጥቡላቸው የነበሩትን ነርስ፣ እናታችንን፣ አግብተው አራት ልጆች ወለዱ። መጀመሪያ የገባው ጣውላ «ለአርባ አንዱ ቤት በር» ተብሎ የተመደበ ነበር። በእሳቸው ፊርማ ግን ሠላሳው በር የትግል ጓዶቻቸው ለነበሩት የኮሚቴ አባላት መኖሪያ ተሠራ። አሥራ አንዱ እኛ ቤት ገባ፤ ከሳሎን እስከ ዕቃ ቤት። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ያ «ለጊዜው» እኛን ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ዳረን።

እትዬ በእግርም በጭነት መኪናም ሁለት ቀን ተጉዘው ቢሮ መጡ። አባታችን ጸሐፊያቸውን «ስብሰባ ላይ ናቸው በያቸው» አሏት። የቢሯቸው በር ድምፅ እንዳያስገባ በቆዳ የተለበጠ ነበር። የእትዬ ድምፅ ግን ገባ፦ «ልጄ፣ ለብቻው ነው እንዴ የሚሰበሰበው?» ጸሐፊዋ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። እትዬ ሦስት ቀን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሳይነሡ ዋሉ። ገደሉን ተሸክመው ያወጧቸው ሰው ባለቤት ውጭ ተቀምጠው፣ አባታችን ሦስቱንም ቀን በጓሮ ወጡ።

እኛ ልጆቻቸው ምንም አናውቅም ነበር ብንል ውሸት ይሆናል። ባኮረፍን ቁጥር በሩን ድርግም ስናደርግ፣ እናታችን «ቀስ በሉ፣ የሰው በር ነው» ይሉን ነበር። ቀልድ አስመስለን አሳለፍነው።

አባታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳንባቸው ታመመ። ሕመሙ በጠናባቸው ጊዜ፣ አንድ ቀን ጠዋት ካቻቢቴ አስመጥተው የመኝታ ቤታቸውን በር መፍታት ጀመሩ። አንዱ በር ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀባቸው። ልናግዛቸው ስንል፣ «እጃችሁን ሰብስቡ፤ እናንተ አይደላችሁም የገጠማችሁት» አሉን። እያረፉ፣ እያሳሉ፣ ስድስት በር አወለቁ። ለእትዬም መልእክት ላኩ። መልሱ በሹፌር አፍ መጣ፦ «በሩን ብቻ እንዳይልክ። ራሴ እገጥማለሁ ያለው እሱ ነው፤ እጠብቀዋለሁ።» ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰባተኛውን ሳይነኩ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

በዚህ ጽሑፍ ልጆቻቸው ተነታርከናል። ታላቅ ወንድማችን፣ «ይሄ ቀብር ላይ ይነበባል?» አለ። ጽሑፉን እንድታዘጋጅ የታዘዘችው ታናሽ ልጃቸው፣ «እና የት ይነበብ፣ ከቆዳው በር ጀርባ?» ብላ መለሰችለት። አባታችን ራሳቸውም፣ «ካሞገስሽኝ ከሣጥኑ እነሣለሁ» ብለዋታል። እንዲነሡብን አልፈለግንም፤ ደክሟቸዋል።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ጆንያ ሰቅለው የጠበቋቸውን አርባ አንድ ቤቶችም ትተዋል። የቀሩትን አምስት በሮች ትናንት አወለቅን። ወደ መንደሩ የሚወስዳቸው የጭነት መኪና ነገ ጠዋት ይነሣል። እንደ እሳቸው አድርገን መግጠም አንችልም፤ ወረቀት ያሾልክ ይሆናል። የእትዬን ግን አስቀድመን እንገጥማለን፣ ዘይትም ይዘናል።

ሠላሳ በር ይቀራል። ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ የትግል ጓዶቻቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ጠዋትና ማታ ትከፍቷቸዋላችሁ። መኪናው ላይ ቦታ አለ። ልታጽናኑን ወደ ቤት የምትመጡም አታንኳኩ፤ የሚንኳኳ ነገር የለንም፣ ዝም ብላችሁ ግቡ።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ይራራላቸው፤ እሳቸው ሰው እንዳስጠበቁት፣ እሳቸውን ደጅ ላይ አያስጠብቅብን።